የፈላስፋው የዘርዐ ያዕቆብ ሕይወት
ፍልስፍናንና ሃይማኖትን በዩኒቨርሲቲ ለመማር ለሚያስቡ ጓደኞቻችን
(ከ12ኛ ክፍል ተማሪ የቀረበ)

በያመቱ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ለመሰነባበት ሲቃረቡ ከሁሉ ይልቅ የሚያነጋግራቸው ነገር በዩኒቨርሲቲ የሚመርጡት የትምህርት ዐይነት ነው። አንዱ ሕክምናን፣ አንዱ ምሕንድስናን፣ ሌላው ሕግን ወይም የሒሳብ አያያዝን ይመኛል። ፍልስፍናን ወይም የሃይማኖትን ጥናት እመርጣለሁ የሚል ተማሪ ግን ከስንት አንድ ነው። እርሱም ቢገኝ ወዲያው ሁለት ወቀሳ ይደርስበታል። አንደኛው፣ ይህ ትምህርት እንጀራ የማያበላ መሆኑ ነው። ሁለተኛውና ይበልጥ የሚያስፈራው ደግሞ፣ ፍልስፍና የተማረ ሰው ሃይማኖቱን ይክዳል የሚለው የወላጆችና የዘመዶች ሥጋት ነው።

እኔም ይህን የትምህርት ቤታችንን የበዓል መጽሔት ምክንያት በማድረግ ስለ ሁለቱም ወቀሳዎች ልናስብበት የሚያስችለንን የአንድ ሰው ሕይወት ለውድ አንባብያን ለማቅረብ ፈለግሁ። ይህም ሰው በ17ኛው መቶ ዓመት እንደ ኖረ የሚነገርለት ኢትዮጵያዊው ፈላስፋ ዘርዐ ያዕቆብ ነው። ስሙን ብዙዎቻችን ሰምተናል፤ ሕይወቱን በቅደም ተከተል የምናውቀው ግን ጥቂቶች ነን። አንባቢ እንዳይሳሳት አንድ ነገር በቅድሚያ ላስታውቅ፤ በ15ኛው መቶ ዓመት ከነገሡት ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጋር የስም ሞክሼ ከመሆን በቀር የሚያገናኛቸው ነገር የለም።

የዚህ ፈላስፋ ታሪክ የሚገኘው እርሱ ራሱ በግዕዝ ጻፈው በሚባለው ሐተታ በተሰኘው ትንሽ መጽሐፍ ውስጥ ነው። ሐተታ ማለት መመርመር፣ መጠየቅ፣ አጥልቆ ማሰብ ማለት ነው። ስለ መጽሐፉ ደራሲ በሊቃውንት መካከል ትልቅ ክርክር አለ፤ እርሱንም በኋላ በቦታው እገልጻለሁ። አስቀድሜ ግን ሕይወቱን መጽሐፉ እንደሚተርከው አድርጌ አቀርባለሁ።

ትውልዱና ትምህርቱ

ዘርዐ ያዕቆብ የተወለደው ነሐሴ 25 ቀን 1592 ዓ.ም. በአክሱም አገር ነው። ዘርዐ ያዕቆብ የክርስትና ስሙ ሲሆን ሰዎች የሚጠሩት ግን ወርቄ እያሉ ነበር። አባቱ ድኻ ገበሬ ነበረ። ይህን ነገር በተለይ ልናስተውለው ይገባል፤ ከእንጦጦ ጫካ የማገዶ ጭራሮ ተሸክመው በሚወርዱ እናቶች ጕልበት የተማረ ልጅ በየካ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ዛሬም አይጠፋምና። ፍልስፍና የባለጠጋ ልጆች መዝናኛ ነው የሚል ሰው ቢኖር የዘርዐ ያዕቆብ ትውልድ ይህን አያረጋግጥለትም።

አባቱ ለትምህርት ሰጠው። ዳዊት ባስደገመው ጊዜ መምህሩ የልጁን አእምሮ ብሩህነት አይቶ ትምህርቱን እንዲቀጥል መከረ። ከዚያም ዜማ ቤት ገባ። ነገር ግን ድምፁ ሻካራ ስለ ነበረ ዜማው አልሆነለትም፤ ጓደኞቹም ይሥቁበት ጀመር። ሦስት ወር ያህል ከቈየ በኋላ ዜማውን ተወና ወደ ሰዋስውና ወደ ቅኔ ቤት ሄደ። በዚያ ግን እግዚአብሔር የሰጠው ስጦታ ተገለጠ፤ ከእኩዮቹ ፈጥኖ ተማረ፤ በቅኔም ደስ ተሰኘ። በአንድ ትምህርት ያልሆነለት ልጅ በሌላው ሊልቅ እንደሚችል ለመምህራንም ለተማሪዎችም የሚያሳይ ታሪክ ነው።

ቅኔ ቤት ሳለ አንድ ቀን ከጓደኞቹ ጋር ሲጫወት ወደ ጥልቅ ገደል ወደቀ፤ ነገር ግን አንዳች ጕዳት ሳያገኘው ተነሣ። ከዚህ ሞት በመዳኑ ፈጣሪውን አመሰገነ። ከቅኔው በኋላ ወደ መጻሕፍት ቤት ገብቶ ዐሥር ዓመት ሙሉ የቅዱሳት መጻሕፍትን ትርጓሜ ተማረ። የአገራችን ሊቃውንት የሚተረጕሙትን ብቻ ሳይሆን ፈረንጆች ማለትም ካቶሊካውያን እንዴት እንደሚተረጕሙም ዐወቀ። አንዱ ቃል በሁለት ወገን በሁለት መንገድ ሲፈታ መስማት በልቡ ውስጥ ጥያቄ ዘራ፤ ዳሩ ግን ጥያቄውን ለብዙ ጊዜ በልቡ ይዞ ዝም አለ።

የአክሱም መምህርነቱና ስደቱ

ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ ወደ ትውልድ አገሩ ወደ አክሱም ተመልሶ አራት ዓመት አስተማረ። ዘመኑ ግን ክፉ ዘመን ነበረ። ዐፄ ሱስንዮስ (እ.ኤ.አ. ከ1607 እስከ 1632 የነገሡት) የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያንን ትምህርት ተቀብለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1625 አልፎንሶ ሜንዴዝ የተባለው ፖርቱጋላዊ ፓትርያርክ ሆኖ ወደ ኢትዮጵያ ገባ፤ በሚከተለውም ዓመት ንጉሡ ለሮም ሊቀ ጳጳሳት መታዘዛቸውን በይፋ ገለጡ። ከዚህ የተነሣ አገሪቱ ለሁለት ተከፈለች። አባት ከልጁ ተለያየ፤ ብዙ ደምም ፈሰሰ።

በዚህ ጊዜ አንድ መምህር ወይ ከዚህ ወይ ከዚያ ወገን መቆም ግድ ሆነበት። ዘርዐ ያዕቆብ ግን ተማሪዎቹን ሲያስተምር ፈረንጆቹ እንዲህ ይተረጕማሉ፣ ግብጻውያኑ ደግሞ እንዲህ ይተረጕማሉ እያለ ሁለቱንም ያስረዳ ነበር እንጂ አንደኛውን ትክክል፣ ሁለተኛውን ስሕተት አድርጎ አይፈርድም ነበር። ይህ አስተማሪነት ወዳጅ አላተረፈለትም። የአገሩ ካህናት ፈረንጅ ነው ብለው ጠረጠሩት፤ ፈረንጆቹም የእነርሱ ወገን አለመሆኑን ዐውቀው ጠሉት። በመካከል የቆመ ሰው ከሁለቱም ወገን ድንጋይ ይወረወርበታል።

ወልደ ዮሐንስ የሚባል የንጉሡ ወዳጅ የሆነ የአክሱም ካህን ነበረ። እርሱ ዘርዐ ያዕቆብ ሕዝቡን በንጉሡ ላይ ያነሣሣል ብሎ ከሰሰው። ዘርዐ ያዕቆብ ይህን በሰማ ጊዜ የነበረውን ሦስት ወቄት ወርቅና የሚጸልይበትን ዳዊት ብቻ ይዞ በሌሊት ሸሸ። ወዴት እንደሚሄድ ለማንም አልነገረም። ወደ ሸዋ ለመሄድ ተነሥቶ ሳለ ከተከዜ ወንዝ አቅራቢያ፣ ሰው በማይደርስበት ሸለቆ ውስጥ አንድ ያማረ ዋሻ አገኘ፤ መኖሪያውንም በዚያ አደረገ።

ሁለት ዓመት በዋሻ ውስጥ

የዋሻውን ደጃፍ አውሬ እንዳይገባበት በድንጋይና በእሾህ ዐጠረው። በገበያ ቀን ወይም ምግብ ሲያልቅበት ወደ አማራ አገር እየወጣ ይለምን ነበር፤ ሰዎችም ባሕታዊ መስሏቸው የሚበላውን ይሰጡት ነበር። መኖሪያውን ግን ማንም አያውቅም። ይህ ኑሮ ሁለት ዓመት ያህል ቈየ። ቀን ከሌሊት የሚያደርገው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ዳዊት መድገምና ማሰብ።

ከእኛ ወገን ዋሻ የሚለውን ቃል የሰማ ሁሉ በየካ ተራራ ላይ ከቋጥኝ የተፈለፈለውን ጥንታዊውን የዋሻ ሚካኤልን ቤተ ክርስቲያን ማስታወሱ አይቀርም። በዚያ ስፍራ የቆመ ሰው የከተማው ሁካታ ሲርቅና የራሱ ሐሳብ ሲሰማው ያውቀዋል። ዘርዐ ያዕቆብም በጸጥታው ውስጥ ሲኖር ሐሳቡ ይሰማው ጀመር። የመጀመሪያው ጥያቄው በጣም ከባድ ነበር፤ ይህ ሁሉ ግፍ ሲፈጸም፣ ሰዎች በእግዚአብሔር ስም ሲገዳደሉ፣ የሚጸልይለት አምላክ በእውነት ይሰማዋል ወይ የሚል ነበር። ጥያቄውን እንደ ኀጢአት ቈጥሮ አልደበቀውም፤ እንደ ሰነፍም በቶሎ አልደመደመውም። ደረጃ በደረጃ ሄደበት።

አካሄዱም እንዲህ ነው። እኔ አለሁ፤ ነገር ግን ራሴን አልፈጠርሁም። ወላጆቼ ወለዱኝ፤ እነርሱንም ወላጆቻቸው ወለዷቸው። ይህ ሰንሰለት ወደ ኋላ ሲሄድ በመጨረሻ በማንም ያልተፈጠረ ፈጣሪ ላይ መድረስ አለበት። ይህም ፈጣሪ ለሰው የማሰብን ኃይል የሰጠ ስለ ሆነ እርሱ ራሱ ዐዋቂ መሆን አለበት፤ ዐዋቂ ከሆነም ይሰማል። ስለዚህ ጸሎቱ ከንቱ አለመሆኑን ተረድቶ ደስ አለው። ይህን የመሰለውን የሐሳብ መንገድ በዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው የሃይማኖት ፍልስፍና ትምህርት ዛሬም ይመረምረዋል፤ በግሪኩ በአርስቶትልም፣ በሙስሊሙ በኢብን ሲናም፣ በክርስቲያኑ በቶማስ አኵናስም መጻሕፍት ውስጥ የሚመሳሰሉ አካሄዶች ይገኛሉ። ተቃዋሚዎችም አሏቸው፤ ተማሪው ሁለቱንም እንዲመዝን ይጠየቃል።

ቀጥሎም ሁለተኛ ጥያቄ መጣበት። ሰው ሁሉ የየራሱን ሃይማኖት እውነት፣ የሌላውን ሐሰት ያደርጋል፤ ዳኛው ታዲያ ማን ነው? ሊቃውንትን ብጠይቅ እያንዳንዱ ለራሱ ይፈርዳል። ከዚህ የተነሣ ፈጣሪ ለሰው ሁሉ እኩል የሰጠው አንድ ዳኛ መኖሩን ተገነዘበ፤ እርሱም ልቡና ነው። ልቡና በዘርዐ ያዕቆብ አነጋገር ክፉና ደጉን፣ እውነትና ሐሰቱን የሚለይ የአእምሮ ብርሃን ነው። ሰዎች የሚሳሳቱት ይህ ብርሃን ስለ ጐደላቸው ሳይሆን መመርመር ስለሚያደክማቸው ነው፤ ከአባቶቻቸው የሰሙትን ሳይመረምሩ መቀበል ይቀልላቸዋል።

በዚህ ዳኛ ፊት የሁሉንም ሃይማኖት ሥርዐት አቀረበ። ፈጣሪ ሰውን ወንድና ሴት አድርጎ ስለ ፈጠረ ጋብቻን ከምንኵስና የሚያሳንሰውን ትምህርት አልተቀበለም። ሴት በወር አበባዋ ጊዜ እንደ ርኩስ መቈጠሯን ነቀፈ። ብዙ ሚስት ማግባትንና ሰውን እንደ ከብት መሸጥን ተቃወመ፤ ሰዎች ሁሉ በፈጣሪ ፊት እኩል መሆናቸውን አስተማረ። በእጅ ሠርቶ መብላትንም የፈጣሪ ትእዛዝ አድርጎ አከበረው። እውነቱን ለመናገር፣ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም አንባቢ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ቅር የሚሰኝበት ቦታ ማግኘቱ አይቀርም። ስለ ጾም፣ ስለ ምንኵስና፣ ስለ ነቢያት የጻፈውን ሁሉ መቀበል ግድ አይደለም። ሊቃውንቱ ለእነዚህ ነገሮች የሚሰጡት መልስም ጥልቅ ነው። ከእርሱ የምንማረው ግን ነገሩን በምን መንገድ እንደ መረመረ ነው።

በዚያው ዘመን ገደማ በአውሮፓ ሬኔ ዴካርት (እ.ኤ.አ. ከ1596 እስከ 1650) የተባለው ፈረንሳዊ የተማረውን ሁሉ በጥርጣሬ መርምሮ ከራሱ አሳቢነት ተነሥቶ ወደ ፈጣሪ መኖር የሚያደርሰውን መንገድ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1637 አሳትሟል። ይህ መጽሐፍ የአዲሱ ዘመን ፍልስፍና መነሻ ሆኖ በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ይጠናል። ዘርዐ ያዕቆብን ከዴካርት ጋር ያነጻጸሩ ብዙ ናቸው።

በእንፍራዝ የኖረው ኑሮ

እ.ኤ.አ. በ1632 ዐፄ ሱስንዮስ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐውጀው በዚያው ዓመት ዐረፉ፤ ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስም ነገሡ። ዘርዐ ያዕቆብ ከዋሻው ወጣ። ሚሲዮናውያኑ ሲባረሩ ሰላም የመጣ መስሎት ነበር፤ ነገር ግን ትናንት ይሰደዱ የነበሩት ዛሬ አሳዳጅ ሲሆኑ አየ። ስለዚህ ወደ አክሱም ሳይመለስ ወደ በጌምድር ተጓዘና ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ካለው ከእንፍራዝ ደረሰ።

በዚያ ሀብተ እግዚአብሔር ወይም በአጭሩ ሀብቱ የሚባል ባለጠጋና ቅን ሰው አገኘ። ዘርዐ ያዕቆብ ሠርቶ ለመብላት ስለ ፈለገ ብራናና ቀለም ተቀብሎ ዳዊት ጻፈለት። ጽሕፈቱ ያማረ ነበረና ያየው ሁሉ ያጽፈው ጀመር፤ ልብስም፣ ከብትም፣ ገንዘብም ይከፍሉት ነበር። የሀብቱንም ልጆች ያስተምር ጀመር። ከእነርሱ አንዱ ምትኩ የተባለው ወልደ ሕይወት ነው፤ ይህ ልጅ በኋላ የመምህሩ ደቀ መዝሙር ሆኖ እርሱም የራሱን ሐተታ ጻፈ። እንግዲህ ፍልስፍና እንጀራ አያበላም ለሚሉን የዘርዐ ያዕቆብ መልስ ይህ ነው። እርሱ በጸሐፊነትና በመምህርነት ሙያው ቤተ ሰብ አስተዳደረ፤ ማሰቡ ከሥራ አላስፈታውም።

በሀብቱ ቤት ሂሩት የምትባል አገልጋይ ነበረች። መልኳ እምብዛም ያማረ አልነበረም፤ ነገር ግን ጠባየ መልካም፣ አስተዋይና ታጋሽ ነበረች። ዘርዐ ያዕቆብ ሊያገባት ፈለገ። ጌታዋ ሀብቱ ከእንግዲህ ወዲህ ለዘርዐ ያዕቆብ አገልጋይ እንድትሆን ቢሰጠውም እርሱ ግን አገልጋዩ ሳትሆን ሚስቱ እንድትሆን መፈለጉን አስታወቀ፤ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸውና ጌታና አገልጋይ ሊባሉ አይገባም ብሎ ያምን ነበር። ፈቃዷንም ራሷን ጠይቆ ተረዳ። ብዙ ፈላስፎች ስለ እኩልነት ጽፈው በቤታቸው ሳይፈጽሙት ቀርተዋል። እርሱ ግን በዋሻ ያሰበውን በትዳሩ አደረገው። አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ፤ ልጁም አድጎ አገባ፤ ዘርዐ ያዕቆብም የልጅ ልጆቹን ለማየት በቃ።

እዚህ ላይ ጓደኞቼ ሊከራከሩበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ዘርዐ ያዕቆብ በእንፍራዝ ሲኖር ከሰዎች ጋር እንደ ክርስቲያን ይኖር ነበር፤ በልቡ የሚያስበውን ግን ለሕዝብ አልገለጠም። አንዳንድ ሰው ይህን ፍርሀት ወይም አስመሳይነት ይለዋል። ሌላው ደግሞ ሰው በሐሳቡ ምክንያት በሚገደልበት ዘመን ዝም ማለት ጥበብ ነው ይላል። እርሱ ራሱ ሰዎች ለመስማት ያልተዘጋጁትን ቢነግራቸው ክፋት እንጂ ጥቅም አይገኝም ብሎ ያስብ ነበር። እኔ ግን የሚያሳዝነኝ የእርሱ ዝምታ ብቻ አይደለም፤ ጥያቄ ያለበት ሰው ወደ ዋሻ ካልሆነ በቀር የሚሄድበት ቦታ ማጣቱም ነው። የሰው ልጅ ዩኒቨርሲቲን ያቋቋመው ለዚህ ችግር ጭምር ነው።

ዕረፍቱ

ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወት አጥብቆ ስለ ለመነው በ1660 ዓ.ም.፣ በ68 ዓመት ዕድሜው፣ ሐሳቡንና ሕይወቱን በዚህ መጽሐፍ ጻፈ። ከዚያ በኋላ 25 ዓመት ኖሮ በ1685 ዓ.ም. በ93 ዓመቱ ዐረፈ። የዕረፍቱን ነገር በመጽሐፉ መጨረሻ የጨመረው ወልደ ሕይወት ነው።

ስለ መጽሐፉ የተነሣው ክርክር

አሁን ቀደም ብዬ ወደ ጠቀስሁት ክርክር ልመለስ። መጽሐፉን ለውጭው ዓለም ያስተዋወቀው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚባል ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ ነው። ይህ ሰው በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በበጌምድር ተቀምጦ ግዕዝ ይማር ነበር። የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት ይሰበስብ ለነበረው ለአንቷን ዳባዲ መጽሐፉን ልኮለት ዛሬ በፓሪስ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1904 ጀርመናዊው ሊቅ ኤኖ ሊትማን የግዕዙን ጽሑፍ ከላቲን ትርጉም ጋር አሳተመው።

እ.ኤ.አ. በ1920 ግን ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ የተባለው ጣሊያናዊ ሊቅ መጽሐፉን የጻፈው ጁስቶ ራሱ እንጂ ኢትዮጵያዊ አይደለም የሚል ሐሳብ አቀረበ። ምክንያቶቹም፣ መጽሐፉ በጁስቶ በኩል ካልሆነ በቀር አለመታወቁ፣ ጁስቶ ጽፎታል የሚል የአንድ ኢትዮጵያዊ ካቶሊክ ካህን ምስክርነት፣ የሐሳቡም አዲስነት ናቸው። የጁስቶ የቀድሞ ስሙ ያኮፖ ማለትም ያዕቆብ መሆኑም ጥርጣሬውን አበረታው። እ.ኤ.አ. በ1934 ጀርመናዊው ኦይገን ሚትቮኽ ይህንኑ ደገፈ።

ከዚያ በኋላ የተነሡት ደግሞ የአገራችን ሊቃውንትና በመካከላችን የኖሩት ፕሮፌሰር ክሎድ ሳምነር ናቸው። ሳምነር ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ሲሆኑ እ.ኤ.አ. በ1953 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ከእንጦጦ ግርጌ ባለው ከፍተኛ ትምህርት ቤት ፍልስፍናን ለብዙ ዓመታት አስተማሩ። የኢትዮጵያ ፍልስፍና በሚል ስም ተከታታይ መጻሕፍት አሳትመዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ዐረፉ። የዘርዐ ያዕቆብን ሐተታ ከጁስቶ ደብዳቤዎችና ከወልደ ሕይወት ጽሑፍ ጋር አነጻጽረው መጽሐፉ የኢትዮጵያዊ ሥራ መሆኑን ተከራከሩ። የግዕዝ ሊቁ ዓለማየሁ ሞገስም ከመጽሐፉ የቋንቋ ችሎታ ተነሥተው የኢትዮጵያዊ ሥራ መሆኑን ደግፈዋል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በመጀመሪያ ይጠራጠሩ ነበር፤ በኋላ ግን ሐሳባቸውን ለውጠዋል። በዚህ ክፍለ ዘመን ደግሞ ፈረንሳዊቷ የታሪክ ሊቅ አናይስ ቪዮን ጥርጣሬውን በአዲስ ማስረጃ አንሥታለች። እ.ኤ.አ. በ2023 አዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉም ታትሟል፤ ክርክሩም አልተዘጋም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህን ሲሰሙ ይቈጣሉ፤ ኢትዮጵያን ለማሳነስ የተደረገ ነው ይላሉ። አፍሪካውያን ፍልስፍና የላቸውም የሚል ንቀት በብዙ የአውሮፓ መጻሕፍት እንደ ነበረ እውነት ነው፤ ቍጣውም ከዚያ የመጣ ነው። ነገር ግን ዘርዐ ያዕቆብን በእውነት የሚወድ ሰው ዘርዐ ያዕቆብንም ሊመረምር ይገባዋል። የእኛ ስለ ሆነ ብቻ መቀበል ወይም የፈረንጅ ሊቅ ስለ ተናገረ ብቻ መጣል፣ ሁለቱም እርሱ የነቀፈው ሳይመረምሩ የመቀበል ልማድ ናቸው። ደግሞም የኢትዮጵያ የማሰብ ታሪክ በዚህ አንድ መጽሐፍ ብቻ የተንጠለጠለ አይደለም። ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን አለ፤ የስክንድስ ታሪክ አለ፤ የአንድምታው ትርጓሜና በሰምና ወርቅ የሚራቀቀው ቅኔም አሉ። በየመስጊዱና በየመድረሳው የተጠበቀው የእስልምና ትምህርትና የአገር ሽማግሌዎች የሸንጎ ክርክርም የዚሁ ሀብት ክፍል ናቸው።

ለእኛ ለተማሪዎች

ከየካ ኮረብታ ሆኖ ወደ ምዕራብ የተመለከተ ተማሪ የስድስት ኪሎን ዛፎች ያያል። በዚያ ያለው ግቢ ቀድሞ ገነተ ልዑል የተባለ ቤተ መንግሥት ነበረ፤ እ.ኤ.አ. በ1961 ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ። ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ሲሆን የፍልስፍና ትምህርት ክፍልም፣ እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም አሉበት። በአራት ኪሎ ደግሞ ነገረ መለኮት የሚሰጥበት የቅድስት ሥላሴ የትምህርት ተቋም ይገኛል።

እዚህ ላይ ልዩነቱን ማወቅ ይጠቅማል። ነገረ መለኮት የሚማር ሰው በአንድ ሃይማኖት ውስጥ ቆሞ ያንን ሃይማኖት በጥልቀት ይማራል፤ ብዙ ጊዜም ለአገልግሎት ይዘጋጃል። የሃይማኖት ጥናት የሚባለው ግን የልዩ ልዩ ሃይማኖቶችን ታሪክ፣ መጻሕፍትና ሥርዐት ከየትኛውም ሳያዳላ ይመረምራል፤ ዘርዐ ያዕቆብ በአክሱም ሁለቱን ትርጓሜ ጎን ለጎን እንዳስተማረው ማለት ነው። ፍልስፍና ደግሞ ስለ ዕውቀት፣ ስለ ህላዌ፣ ስለ ግብረ ገብ፣ ስለ መንግሥትና ስለ ፍትሕ መሠረታዊ ጥያቄዎችን ይጠይቃል። መሣሪያውም ሎጂክ ነው። ሎጂክ ማለት አንድ ድምዳሜ ከቀረቡት ምክንያቶች በእውነት የሚከተል መሆኑንና አለመሆኑን የሚለይ ትምህርት ነው። ይህን ትምህርት በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የፍልስፍና ተማሪዎች ብቻ ሳይሆኑ ሌሎችም በአንደኛው ዓመታቸው ስለሚማሩት፣ ሐኪምና መሐንዲስ ለመሆን የምታስቡ ሁሉ ማግኘታችሁ አይቀርም።

ይህን የተማረ ሰው ምን ይሠራል ለሚሉ ወላጆች፣ አስተማሪ፣ ጋዜጠኛ፣ የምርምር ሠራተኛ፣ የሽምግልናና የሰላም ሥራ ባለሙያ ይሆናል ማለት ይቻላል፤ ሕግ ለመጨመር ለሚፈልግም ጥሩ መሠረት ነው። ደመወዙ እንደ ሌሎቹ የሥራ መስኮች ፈጥኖ አይገኝ ይሆናል፤ ይህን ዐውቆ መግባት ያስፈልጋል። እየጻፉ፣ እያስተማሩ፣ ሌላ ሙያም እየጨመሩ መኖር እንደሚቻል ግን የእንፍራዙ ጸሐፊ አሳይቷል።

ሃይማኖትን ያስክዳል ወይ ለሚለው ሥጋት ደግሞ የምለው ይህን ነው። ዘርዐ ያዕቆብ ከቤቱ ሲሸሽ ከወርቁ ጋር የያዘው ዳዊቱን ነበር፤ በዋሻውም ጸሎቱን አላቋረጠም። ከምርመራው በኋላ ብዙ ሥርዐቶችን ተቃወመ፤ በፈጣሪ ያለው እምነት ግን ጸና። ሌላው ሰው መርምሮ የወላጆቹን ሃይማኖት ይበልጥ ሊወድ ይችላል፤ ሌላውም ሊጠራጠር ይችላል። ፍልስፍና ለማናችንም መጨረሻውን አስቀድሞ አይወስንም። ለማንኛውም ወጣት ጥያቄው ዩኒቨርሲቲ ባይገባም ይመጣበታል፤ የሚሻለው ብቻውን ከሚጨነቅበት ይልቅ ከመምህርና ከመጽሐፍ ጋር ቢመረምረው ነው።

በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ሰዎች በሃይማኖት ክርክር ተገዳድለዋል፤ ምክንያቱም የሌላውን ሐሳብ አዳምጦ የሚያስረዳ መምህር እንደ ጠላት ይቈጠር ነበር። የየካ ልጆች በአንድ ወንበር ላይ ክርስቲያንና ሙስሊም ሆነን ተቀምጠን እንማራለን። ይህን ወንድማማችነት ጠብቀን ለመኖር የምንፈልግ ከሆነ የባልንጀራችንን እምነት ጠንቅቆ ያወቀ፣ ሳይቈጣ የሚከራከር፣ ሳያዳላም የሚመዝን ሰው ከመካከላችን መውጣት አለበት። ከዚህ ዓመት ተመራቂዎችም አንድ ወይም ሁለቱ ይህን መንገድ ቢመርጡ ጓደኞቻቸው ከመሣቃቸው በፊት በዜማ ቤት የተሣቀበትን ልጅ ያስታውሱ። ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜን፣ ለተመራቂዎቻችንም መልካም ዕድልን እመኛለሁ።